የጦጣ ልጅ ወይስ የድመት ልጅ? ስለ እምነት፣ ጥረትና ሞክሻ በሂንዱ አስተሳሰብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሂንዱ እምነት ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናውቀው ከህንድ ፊልም ያየነውን ነው። ዘፈኑን፣ ቀለሙን፣ የቤተ መቅደሱን ደወል፣ ግንባር ላይ ያለችውን ቀይ ነጥብ። ከዚያ አልፎ የሚጠይቅ ሰው ሲገጥመኝ ደስ ይለኛል። ጥያቄዎቹም ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ሰው አርነት የሚወጣው በራሱ ልፋት ነው ወይስ ከላይ ሲሰጠው? ህንዶች በዚህ ጉዳይ ከ2000 ዓመት በላይ ተከራክረዋል። ከዚያ ክርክር ልቤን የነካውን እዚህ ጽፌዋለሁ።

ሞክሻ ማለት ድኅነት ነው?

ለመግባባት ያህል ያስኬዳል፤ ግን ሊያሳስት ይችላል። ቃሉ የመጣው መፍታት፣ መልቀቅ ከሚል የሳንስክሪት ግስ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ የዋለ በሬ ማታ ከቀንበር ሲፈታ አስቡት። ለዚህ ነው «አርነት መውጣት» የሚለውን የምመርጠው።

የታሰርነው በመወለድና በመሞት ዑደት ነው፤ ሳምሳራ ይሉታል። ሰው ይሞታል፣ ተመልሶ ይወለዳል፣ እንደገና ይሞታል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው «ታዲያ ደጋግሞ መኖር ምን ይከፋል?» ይላል። ለእነሱ ግን ደጋግሞ መኖር ማለት ደጋግሞ መታመም ነው፤ ደጋግሞ ማርጀት፣ ደጋግሞ ልጅ መቅበር። ማለቂያ የሌለው ድካም ነው።

ከተፈቱ በኋላስ? እዚህ ላይ ይለያያሉ። በ8ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት ፈላስፋ ሻንካራ፣ ነፍስ ከብራህማን ማለትም ከመጨረሻው እውነት እንደማትለይ ታውቃለች ይላሉ። ከእሳቸው በኋላ የመጡት የደቡብ ህንዱ መምህር ራማኑጃ ደግሞ ነፍስ ራሷን ሳታጣ ከአምላኳ ጋር በፍቅር ትኖራለች ይላሉ። ቤንጋል ውስጥ አንድ የቆየ አባባል አለ፤ «ስኳር መሆን አልፈልግም፣ ስኳር መብላት ነው የምወደው» የሚል። ክርክሩ በአጭሩ ይኸው ነው።

ካርማ ዕድል ማለት አይደል? ሁሉም ከተጻፈ መልፋት ምን ይጠቅማል?

አይደለም። በብዛት የሚሰማው ስሕተት ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ካርማ ማለት በቀጥታ «ሥራ» ነው። የሠራኸው ይከተልሃል ነው ነገሩ። መምህራኑ የቀስተኛ ምሳሌ አላቸው። አንዱ ፍላጻ ከቀስቱ ወጥቷል፤ መመለስ አይቻልም። ይህ የዛሬው ኑሯችን ነው። የተወለድንበት ቤት፣ ያገኘነው አካል፣ የደረሰብን ነገር። ሌላው ፍላጻ ገና በጣታችን ነው፤ ልንለቀውም ልንተወውም እንችላለን። የቀሩት በጀርባችን ባለው ኮሮጆ ተከማችተው ተራ ይጠብቃሉ። ተስፋ የሚቆረጥበት ፍላጻ አንዱ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን እስኪያርፍ ድረስ ነው።

ዮጋ ቫሲሽታ የሚባለው ትልቅ መጽሐፍ ከዚህም ይብሳል። ያለፈው ሥራህና የዛሬ ጥረትህ እንደ ሁለት አውራ በጎች ይዋጋሉ፣ የበረታው ያሸንፋል ይላል። ዕድል የምትለው ትናንት የሠራኸውን ነው፤ ከዛሬህ የሚበልጥበት ምክንያት የለም። «ዕድሌ ነው» ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠውን ሰው መጽሐፉ ክፉኛ ይገሥጸዋል። ህንድ ውስጥ በካርማ እያሳበበ የሚሰንፍ ሰው የለም ማለቴ አይደለም፤ እንደ እኛው ሞልቷል። ግን የገዛ መጽሐፉ ከእሱ ጋር አይደለም።

እምነትስ? ሳያዩ ማመን ማለት ነው?

እነሱ ሽራድሃ የሚሉት ቃል አላቸው። እምነት ብለን እንተረጉመዋለን። ግን መተማመንም፣ አክብሮትም፣ ልብን ጥሎ መነሳትም አለበት። ከትርጉም ይልቅ ታሪክ ይሻላል።

ካታ ኡፓኒሻድ በሚባለው ጥንታዊ ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ናቺኬታ የሚባል ልጅ አለ። አባቱ ያለውን ሁሉ ሊሰጥ ተነስቶ ላሞቹን ለካህናት ያከፋፍላል። ልጁ ቆሞ ያያል። ላሞቹ ያረጁ ናቸው። የመጨረሻ ውሃቸውን ጠጥተዋል፣ የመጨረሻ ሣራቸውን ግጠዋል፣ ወተታቸው ነጥፏል። አባትየው የሚሰጠው የማይፈልገውን ነው። ያኔ ሽራድሃ ልጁ ውስጥ ገባች ይላል መጽሐፉ።

«አባባ፣ እኔንስ ለማን ትሰጠኛለህ?»

አባትየው ዝም። ልጁ ደገመው። በሦስተኛው አባትየው ቱግ አለ። «ለሞት ሰጥቼሃለሁ!»

ልጁ ሄደ። ሞት፣ ስሙ ያማ ነው፣ ቤቱ አልነበረም። ናቺኬታ እህል ሳይቀምስ ሦስት ሌሊት ጠበቀው። ያማ ሲመለስ እንግዳ በደጁ ጦሙን ማደሩን ሰምቶ ደነገጠ። ለሦስቱ ሌሊት ካሣ ሦስት ነገር ለምነኝ አለው።

የመጀመሪያው ልመና የአባቱ ቁጣ እንዲበርድ ነበር። ይህ ሁሌም ይነካኛል። ለሞት አሳልፎ ከሰጠው አባት ጋር መታረቅ ነው ያስቀደመው። ሁለተኛው የመሥዋዕት እሳት ምሥጢር ነው። ሦስተኛው ግን ያማን ራሱን አስጨነቀው። ሰው ሲሞት አለ ወይስ የለም? ያማ ይህንን ተወኝ አለ። መቶ ዓመት የሚኖሩ ልጆችና የልጅ ልጆች፣ ከብት፣ ዝሆን፣ ወርቅ፣ ሠረገላ ልስጥህ አለ። ልጁ አልተታለለም። እነዚህ ሁሉ እስከ ነገ ናቸው፤ ሠረገላውም ዘፈኑም ላንተው ይሁን አለው።

እንግዲህ ይህ ልጅ ያለው እምነት ምን ዓይነት ነው? ዓይኑን ጨፍኖ አላመነም። እንዲያውም ከሁሉም ሰው በላይ ያየው እሱ ነው፤ የላሞቹን የነጠፈ ጡት አይቷል። ሽራድሃ ማለት፣ እኔ እንደሚገባኝ፣ የውሸት ስጦታ አልበቃህ ሲል ነው። እውነተኛው ነገር እንዳለ ልብህ ያውቃል፣ ሳታገኘው መመለስ አትፈልግም። ጥረትም እምነትም ከዚያው ይነሳሉ። ብሃጋቫድ ጊታ የሚባለው ቅዱስ መጽሐፍም ሰው የሽራድሃው ያህል ነው ይላል።

የሚገርመው ያው ኡፓኒሻድ ሁለቱንም ወገን የሚያስታጥቅ ነው። አንድ ቦታ «ተነሡ፣ ንቁ» ብሎ መንገዱን ከምላጭ ስለት ጋር ያመሳስለዋል። ሌላ ቦታ ደግሞ ይህ እውነት በትምህርት አይገኝም፣ በብልሃትም አይገኝም፣ እሱ ለመረጠው ይገለጣል ይላል። ራማኑጃ ይህን ሲያነቡ አምላክ ራሱ ይመርጣል ብለው ነው። ሻንካራ ግን የሚመርጠው ፈላጊው ነው፣ መፈለጉ ራሱ መንገዱ ነው ብለው ያነባሉ። የአንድ ዓረፍተ ነገር ንባብ ሁለት ዓለም ፈጠረ።

ሻንካራ «ሥራ አርነት አያወጣም» ካሉ ጥረትን ንቀዋል ማለት ነው?

አልናቁም። ቦታውን ነው የወሰኑለት። ምሳሌያቸው ገመድና እባብ ነው። ምሽት ላይ ወደ ቤት ስትገቡ መሬት ላይ የተጠቀለለ እባብ አያችሁ። ልባችሁ ቀጥ አለ፣ ላብ አጠመቃችሁ። በዱላ ብትደበድቡት እባቡ አይሞትም፤ ከመጀመሪያውም እባብ የለም፣ ገመድ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ዱላ ሳይሆን መብራት ነው። ለሻንካራ እስራታችን እንዲህ ያለ ስሕተት ስለሆነ የሚፈታው በሥራ ብዛት ሳይሆን በማወቅ ነው።

ታዲያ ጥረቱ የት ገባ? መብራቱን በማጽዳት። ጭስ የሸፈነው ፋኖስ አያሳይም። ቅንነት፣ ራስን መግዛት፣ አገልግሎት፣ ማሰላሰል ሁሉም መስታወቱን መወልወል ነው። በሻንካራ ስም የሚጠራ አንድ ሥራ «መድኃኒት፣ መድኃኒት» በማለት ብቻ በሽታ አይለቅም፣ መዋጥ ያስፈልጋል ይላል። የአባትን ዕዳ ልጅ ይከፍላል፣ እስራትህን ግን ካንተ በቀር የሚፈታልህ የለም ይላል ደግሞ። ከዚህ በላይ ጥረትን ማክበር ከየት ይመጣል?

ዮጋስ? ስፖርት አይደል እንዴ?

ዛሬ ጂም ውስጥ የምናየው አንድ ቅርንጫፉ ነው። ፓታንጃሊ የጻፉት የዮጋ ሱትራ ወደ 195 አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ ስለ አቀማመጥ የሚናገሩት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ዋናው ጉዳይ የአእምሮ መርጋት ነው። ለእሱ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ልምምድና መልቀቅ። ልምምዱ ለረጅም ጊዜ፣ ሳይቋረጥ፣ ከልብ ይሁን ይላል። መልቀቁ ደግሞ ያገኙትን ጨብጦ አለመያዝ ነው። ለአምላክ ራስን መስጠትም ከመንገዶቹ አንዱ ሆኖ ተቀምጧል።

የጦጣና የድመት ክርክር የሚባለው ምንድን ነው?

ከሁሉም የምወደው ይህ ነው።

በደቡብ ህንድ፣ በታሚል ናዱ፣ ቪሽኑ የሚባለውን አምላክ የሚያመልኩ ሽሪቫይሽናቫ የሚባሉ አሉ። ትልቁ መምህራቸው ራማኑጃ ናቸው፤ በትውፊቱ ከ1017 እስከ 1137 ኖረዋል፣ 120 ዓመት። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ደቀ መዛሙርት በአንድ ጥያቄ ለሁለት ተከፈሉ። ሰው ራሱን ለአምላክ ሲሰጥ መስጠቱ ራሱ ሥራ ነው ወይ?

አንደኛው ወገን የጦጣን ልጅ ይጠቅሳል። እናቲቱ ከዛፍ ዛፍ ስትዘል ልጇ ሆዷ ላይ ተለጥፎ ጸጉሯን ጭምድድ አድርጎ ይይዛል። የምትሸከመው እሷ ናት፣ የምትዘለው እሷ ናት። ግን ካልያዘ ይወድቃል። ሰውም እንዲሁ ነው። ጸጋው የአምላክ ነው፣ መያዙ ግን የኛ። ይህ ወገን ቫዳካላይ፣ «የሰሜኑ» ይባላል። ትልቁ ሊቃቸው ቬዳንታ ዴሲካ ናቸው።

ሁለተኛው ወገን የድመትን ልጅ ይጠቅሳል። ድመት ልጇን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ስታዛውር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማጅራቱን በጥርሷ ትይዘዋለች። እሱ ምንም አያደርግም። እግሩ ተንጠልጥሎ፣ ሰውነቱ ልል ብሎ ዝም ይላል። ከተንፈራገጠ ነው ችግሩ። ለዚህ ወገን አርነት ሙሉ በሙሉ የአምላክ ሥራ ነው፤ የኛ ድርሻ አለመከልከል ነው። ይህ ቴንካላይ፣ «የደቡቡ» ነው። መምህራቸው ፒላይ ሎካቻርያ ናቸው።

ሁለቱም የሚጠቅሱት የጊታውን 18ኛ ምዕራፍ 66ኛ ቁጥር ነው። የቪሽኑ መገለጫ የሆነው ክሪሽና ለጦረኛው አርጁና «ሌላውን ሁሉ ትተህ ወደ እኔ ብቻ ተጠጋ፤ ከኃጢአት ሁሉ እፈታሃለሁ፣ አትዘን» የሚልበትን። የጦጣው ወገን «ተጠጋ» የሚለውን ያሰምርበታል። የድመቱ ወገን «እፈታሃለሁ» የሚለውን።

የደቡብ ሰባኪዎች የድራውፓዲን ታሪክ ሲተርኩ ይህን በደንብ ያሳያሉ። ማሃባራታ በሚባለው ታላቅ የጥንት ተረክ ውስጥ ንግሥቲቱን በሸንጎ ፊት ልብሷን ሊገፏት ይጎትታሉ። በአንድ እጇ ልብሷን ይዛ በሌላው ክሪሽናን ስትጣራ፣ ይላሉ ሰባኪዎቹ፣ እርዳታ አልመጣም። ልብሱን ለቃ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ስታነሳ ግን ጨርቁ የማያልቅ ሆነ። ጎታቹ ደክሞት ተቀመጠ። እኔ ይህን ታሪክ ሳስብ ያቺ ሁለተኛ እጅ ትታየኛለች። ልብስን የያዘ እጅ መልቀቅ ጥረት ነው ወይስ ጥረትን መተው? እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

የድመቱ ወገን ልክ ከሆነ ሰው እንደፈለገ ቢኖር ምን ይከለክለዋል?

የሰሜኑ ወገንም የጠየቀው ይህንኑ ነው። ደቡቦቹ ሲመልሱ ላም ይጠቅሳሉ። ላም ወዲያው የወለደችውን ጥጃ ቆሻሻውን በምላሷ ልሳ ታጸዳለች። መጀመሪያ ታጥበህ ና አትለውም። አምላክም ከነጉድፋችን ይወደናል ነው የሚሉት። ግን እንዲህ የተወደደ ሰው መልካም መሥራቱን አይተውም፤ ደመወዝ ፈልጎ ሳይሆን ከፍቅር የተነሳ ይሠራል። ልዩነቱ ድርጊቱ ላይ ሳይሆን ምክንያቱ ላይ ነው።

ሁለቱን ወገኖች ዛሬም ግንባራቸው ላይ ባለው ነጭ ምልክት መለየት ይቻላል። የሰሜኖቹ ታችኛው ክፍሉ ክብ ነው፤ የደቡቦቹ ወደ አፍንጫ የሚወርድ እግር አለው። ካንቺፑራም በሚገኘው ቤተ መቅደስ የዝሆኑ ግንባር ላይ የማን ምልክት ይሣል የሚለው ጭቅጭቅ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ይህን ስሰማ አዝኛለሁ። እንዲህ ያለ ጥልቅ ጥያቄ በቀለም ሲቀር ያሳዝናል።

ይህ መንገድ ለሁሉም ክፍት ነው? የካስት ነገርስ?

ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ካስት ማለት በትውልድ የሚወረስ የማኅበረሰብ እርከን ነው። በቀድሞው ሥርዓት ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍቱን፣ ቬዳን፣ መማር ለሴቶችና ለዝቅተኛው ካስት የተከለከለ ነበር። ሻንካራም ራማኑጃም በማብራሪያቸው በዝቅተኛው ካስት ላይ ያለውን ክልከላ አልሻሩትም። ለብዙ ሚሊዮን ሰዎች በሩ ተዘግቶ ነበር።

ግን ያው ትውፊት በውስጡ በሩን የሚገፉ ታሪኮች አሉት። ራማኑጃ ምሥጢራዊውን ጸሎት ለመማር ቲሩኮሽቲዩር ወደሚባል ከተማ 18 ጊዜ ተመላለሱ ይባላል። መምህራቸው በመጨረሻ አስተማሯቸው፣ ለማንም እንዳይነግሩ አስጠንቅቀው። ለሌላ የነገረ ሲኦል ይገባል። ራማኑጃ በማግስቱ የቤተ መቅደሱ ግንብ ላይ ወጥተው ለተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ ጮክ ብለው ተናገሩት። መምህሩ ሲቆጡ «እኔ ብቻዬን ሲኦል ገብቼ ይህ ሁሉ ሰው አርነት ከወጣ ይሁን» አሉ። መምህሩ አቀፏቸው።

ከራማኑጃ በፊት የነበሩት 12ቱ አልቫር የሚባሉ የታሚል ገጣሚ ቅዱሳንም አሉ። አንዷ ሴት ናት፣ አንዳል። ቲሩፓን የሚባለው ደግሞ ቤተ መቅደስ እንዲገባ ከማይፈቀድለት ወገን ነበር። ከወንዙ ማዶ ቆሞ ይዘምር ነበር። አንድ ካህን መንገድ አልለቅ ብሎኛል ብሎ በድንጋይ መታው። ትውፊቱ እንደሚለው አምላክ ካህኑን፣ ሰውዬውን በትከሻህ ተሸክመህ አስገባልኝ ብሎ አዘዘው። ተሸክሞት ገባ።

እኛ ጋር ካለው የእምነትና የሥራ ክርክር ጋር ይመሳሰላል?

ጥያቄው ይመሳሰላል። «እምነት ያለ ሥራ የሞተ ነው» የሚለውን እየሰማ ያደገ ሰው የጦጣውን ልጅ ወዲያው ይረዳዋል። በጸጋ ብቻ የሚለው ደግሞ ለድመቱ ልጅ ቅርብ ነው። ግን አንድ ናቸው ብሎ መደምደም ልክ አይመስለኝም። እዚያ የሚፈታው እስራት ዳግም መወለድ ነው፤ የታሪኩ መነሻም መድረሻም ሌላ ነው። መመሳሰሉን ለመግቢያ በር ያህል ተጠቀሙበት።

ዱባይ ወይም መስቀት አብሮኝ የሚሠራ ህንዳዊ አለ። ስለዚህ ጉዳይ ብጠይቀው ይከፋዋል?

በአክብሮት ከጠየቃችሁት አይከፋውም። «ሂንዱዎች ምን ታምናላችሁ?» ከማለት ግን «አንተ ቤት ምን ይደረጋል?» ማለት ይሻላል። አንዱ ሺቫን ያመልካል፣ አንዱ ክሪሽናን፣ አንዱ እናት አምላክን። ስለ ሞክሻ አስቦ የማያውቅም አለ፤ የእናቱን የጠዋት መብራት ብቻ የሚያስታውስ። ያም ቢሆን መልስ ነው። ህንዳዊ ሁሉ ሂንዱ እንዳልሆነም አትርሱ፤ በተለይ ከኬረላ የመጣው ክርስቲያን ወይም ሙስሊም ሊሆን ይችላል።

የድመቱን መንገድ ያስተማሩት ሰው በራሳቸው ሕይወት ምንም አላደረጉም?

በ1323 ከደልሂ የመጣ ጦር ሽሪራንጋም ላይ ዘመተ። ሽሪራንጋም በካቬሪ ወንዝ መሀል ያለች ደሴት ናት፤ የሽሪቫይሽናቫዎች ልብ። ቲሩፓን በትከሻ የገባበትም ቤተ መቅደስ ይኸው ነው። ትውፊቱ በዚያ ቀን ሁለቱንም ሊቃውንት እዚያ ያገኛቸዋል።

የጦጣው ወገን ሊቅ ቬዳንታ ዴሲካ በራማኑጃ ሥራ ላይ የተጻፈ አንድ ትልቅ ማብራሪያ ይዘዋል፤ የጸሐፊውን ሁለት ልጆችም አደራ ተቀብለዋል። በሬሳዎች መሀል ተኝተው ሌሊቱን አሳለፉ። ከዚያ ብራናውንም ልጆቹንም ይዘው ወጡ።

የድመቱ ወገን ሊቅ ፒላይ ሎካቻርያ ግን በጣም አርጅተው ነበር። ቀሳውስቱን አስተባብረው በበዓል የሚወጣውን የአምላካቸውን ምስል በድብቅ አስወጡት። በሌሊት፣ በጫካ፣ ወደ ደቡብ። እናት ልጇን ትሸከማለች ብለው ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩት ሰው አምላካቸውን አሸክመው ተሰደዱ። ማዱራይ አካባቢ ሲደርሱ አቅማቸው አለቀ። እዚያው አረፉ። ምስሉ ከቦታ ቦታ ሲንከራተት ቆይቶ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ዛሬም በበዓል ቀን ከቤተ መቅደሱ የሚወጣው በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ነው።